ያረጀ። የሚጮህ። የማይዘጋ።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሁለተኛው ሊፍት ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አለ። ውስጡ ሁለት የሒሳብ ክፍል ሴቶችና አንድ የልደት ኬክ። አወጣኋቸው። ኬኩ ግን አንድ ጎኑ... ተንዷል። እኔ ላይ ለምን እንዳፈጠጡ አልገባኝም። ኬክ አልጠግን።

ከሰዓት የሕንፃው አስተዳዳሪ ጠራችኝ። ሕንፃው ለአዳዲስ ባለቤቶች መሸጡን ሰምተናል። ያልሰማነው፣ ሰዎቹ የሚያነቡት እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑን ነው።

«ከእንግዲህ የጥገና ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው። በየሳምንቱ፣ በጽሑፍ» አለችኝ።

«እኔ እኮ የምሠራው በመፍቻ ነው።»

ሳቀች። የምሬን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ስጠግን አንድ ሰው ጻፍ ብሎኝ አያውቅም። በሃምሳ አራት ዓመቴ... አሁን?

ጥቅምት 5

ልጄ የእንግሊዝኛ መምህር ናት፣ ሁለተኛ ደረጃ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ እንዴት ትዝ አላለችኝም?

«አስተምርሃለሁ» አለች። «ግን በትምህርት ሰዓት አባዬ የሚባል ነገር የለም። ተማሪ ነህ።»

ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከሥራ መልስ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ባለቤቴ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት እስክትመለስ ጠረጴዛው ነፃ ነው።

ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ሪባን ያሰረች ድመት አለች። ሌላ ዓይነት አልነበረም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

«ይቀመጡ» አለችኝ። ይቀመጡ! አፍንጫዋን እየጠረግኩ ያሳደግኳት ልጅ።

ለሙከራ አንድ ሪፖርት አስጻፈችኝ። ጻፍኩ፦ ‹ገመዱ ስለላላ።› ነጥብ አድርጌ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አየችው።

«ስለላላ ምን ሆነ?»

«ላላ አልኩሽ እኮ።»

«እሱ ገብቶኛል። ስለላላ... ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጠበቅኩት።»

«የታለ?»

«ሊፍቱ ላይ ነዋ!»

«ወረቀቱ ላይ ነው የምልዎት።»

ለካ ‹ስለ› ብሎ የጀመረ ነገር ብቻውን ነጥብ አይደረግበትም። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የቀረ ሰው ነው። ጎደሎ ዓረፍተ ነገር ይባላል። ማን? ምን አደረገ? ሁለቱ ከሌሉ ጎደሎ። ሁለቱ ኖረውም በ‹ስለ› ከታሰሩ ጎደሎ። ከጻፍኳቸው ስምንት ዓረፍተ ነገሮች ሰባቱ ጎደሎ ነበሩ። ስምንተኛው ስሜ ነው።

ይሄ ማስታወሻስ? ጎደሎ በጎደሎ አይደል? ትምህርቱ ሲያልቅ ጠየቅኳት።

«ለራስህ የምትጽፈውን እንዳሻህ፤ ማን ያነበዋል?»

እውነቷን ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቅንፍ ተማርኩ (ደስ ሲል)። ቅንፍ ማለት (እንደገባኝ ከሆነ) ወሬ እያወራህ ድንገት ዘንበል ብለህ በጆሮ የምትላት ነገር ናት። ሕግ አላት (ምን ሕግ የሌለው ነገር አለ)። የከፈትከውን ትዘጋለህ። ከምታብራራው ነገር ጎን ትለጥፋለህ፤ ራቅ ካደረግክ የሌላ ሰው ኮፍያ ትሆናለች። ውስጧ ያለው ተነቅሎ ቢወጣ የቀረው ዓረፍተ ነገር ሳይንገዳገድ መቆም አለበት። ነጥቡ ደግሞ ከቅንፉ ውጭ ነው (እንደዚህ)። ቅንፉ ውስጥ ያለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ግን ነጥቡ ውስጥ ይገባል። (ይህ ለምሳሌ ራሱን የቻለ ነው።)

ባለቤቴ ገብታ «ብቻህን ምን ያስቅሃል?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳታወልቅ የቆየችውን ሽርጧን ሰቅላ (ዱቄት በዱቄት ናት) ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 10

የገበያ ዝርዝር ለባለቤቴ ጻፍኩላት፦ ሽንኩርት፣ ትልቁ ዘይት (ሳሙናም)። ሽንኩርትና ዘይት ይዛ መጣች።

«ሳሙናስ?»

«በቅንፍ ያለው ቢወጣ ችግር የለውም አላልክም?»

በአመድ... አይ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ታጠብኩ።

ጥቅምት 11

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ቁልፌ «እንዴት አደራችሁ!» ሲሉ ሞተር ክፍል ድረስ ተሰማኝ። እሳቸው ታች በሩ ላይ፣ እኔ ስምንተኛ ፎቅ። የሕንፃው ጥበቃ ናቸው፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ወገባቸው ላይ የሚንሿሿው ቁልፍ ነው ስም ያወጣላቸው። ምሳ የምንበላው አብረን ነው፣ ከተቀጠርኩ ቀን ጀምሮ።

ደብተሬን አዩና «የድመት ደብተር ይዘህ አንደኛ ክፍል ገባህ እንዴ?» አሉኝ። እንግሊዝኛ ነው ስላቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጨበጡኝ። «በርታ ወንድሜ! ከእንግዲህ ለደብዳቤ የማንንም ደጅ አልጠናም።»

ጥቅምት 15፣ አርብ

የመጀመሪያው እውነተኛ ሪፖርት!

ሞተር ክፍል ውስጥ ገመዱ የሚዞርበት መዘውር አለ። እሱን የሚሸፍነው ቆርቆሮ አርጅቷል። ብሎኑ ላልቶ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይጮኻል፣ ክዳኑም አልገጥም ብሏል። ቆርቆሮውን በእንግሊዝኛ ጋርድ ይሉታል። መዝገበ ቃላት ላይ አረጋገጥኩ። ሥሩ ሌላም ትርጉም ነበር፣ ጊዜ አልነበረኝም።

ልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ናት። ታየው ነበር... ግን እስከ አስር ሰዓት አድርስ ተብያለሁ። ደግሞስ ሁሌ በሰው እጅ? የጻፍኩት በአማርኛ ሲሆን ይኸው፣ ለታሪክ ይቀመጥ፦

‹ገመዱ (መዘውሩን የሚሸፍን ቆርቆሮ) ደህና ነው። ጋርዱ። ያረጀ። ጠዋት ጠዋት የሚጮህ። ስለማይዘጋ። በአዲስ መቀየር።›

አጭር። ቅንፍም አለው። አስተዳዳሪዋ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል» ብላ ፈረመች። ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የቆርቆሮው ድምፅ እዚያ ድረስ እንዴት ሰማችው? ጆሮ ናት።

ጥቅምት 20

ምንም የለም። ሊፍቱ ሠራ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ



ምሳ ሰዓት ጋሽ ቁልፌ ፖስታ ይዘው መጡ። ከአዲሶቹ ባለቤቶች ዋና መሥሪያ ቤት። «በል ተማሪ፣ አንብብልኝ። የደመወዝ ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ሸሚዛቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

ጀመርኩ። ‹በጡረታ... ከኅዳር 6 ጀምሮ... ስላገለገሉን...› ድምፄ እያነሰ ሄደ።

«ምን? ምን አለ?»

«ጋሼ... ሊያሰናብቱዎት ነው።»

 ቁልፉ እንኳ አልተንሿሿም። ከዚያ «ምክንያቱን አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩ። ‹በደረሰን ሪፖርት መሠረት ጋርዱ ያረጀ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጮህ...› ቃሉን አወቅኩት። ፊደል በፊደል አወቅኩት። እኔ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት ቃል! ሌላው ትርጉሙ ለካ ጥበቃ ኖሯል።

«የሚጮህ? እኔ ሰላም ስላልኩ?» ተነሱ። «ማን ነው ይሄን የጻፈው? እንዲህ ያለ ነገረኛ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አለ? አንተ ታውቀዋለህ?»

«...ጽሑፉ ግልጽ አይደለም» አልኩ።

ግልጽ አይደለም! ይሄንን ነው ያልኩት። ፈሪ። ምሳዬን ሳልበላ ወደ ሞተር ክፍል ወጣሁ። በደረጃ። ሊፍት የመሳፈር ፊት አልነበረኝም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ለልጄ ሪፖርቱን አሳየኋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። የጋሽ ቁልፌን ስነግራት ሳቋ ጠፋ።

«ቆይ፣ ይህ ቅንፍ... የጋርዱን ማብራሪያ ገመዱ ጎን ነው የለጠፍከው!»

«አጠገቡ እኮ ነው። ሁለት ቃል ቢርቅ ነው።»

«ጋርዱ ጎን ቢሆን ቆርቆሮ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ ‹ያረጀ›። ማን? ‹የሚጮህ›። ማን? ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለውን ነገር ያገኘ ሰው ለፈለገው ይሰጠዋል።»

‹እርስዎ› ማለቱንም ረስታዋለች። ይህን ያህል ነው ጥፋቴ።

ደብዳቤውን አንቺ ጻፊልኝ አልኳት። ለመንኳት። እምቢ። «እኔ ብጽፈው የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው እንደዚያው ይቀራል» አለች። በማን ነው የወጣችው? በእናቷ።

ጥቅምት 28

ነገርኳቸው።

በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ጋሼ፣ ነገረኛው እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ቅንፉ፣ ስለ ሁሉም ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮ።»

«እኔን ከቆርቆሮ ጋር...» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያረጀ አልክ፣ ይሁን፣ አርጅቻለሁ። ይጮኻል አልክ፣ እጮኻለሁ። ግን ‹አይዘጋም›? እኔ? እኔ ይህን በር ሳልዘጋ የሄድኩበት አንድ ቀን አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

ምሳ ብቻዬን በላሁ። ሰሃኔን ይዤ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

አስተዳዳሪዋ ጋ ሄድኩ። ደንግጣ አፏን ያዘች፤ እሷም እሳቸው መስለዋት ነበር የፈረመችው! «ባለቤቶቹ በቃል አይሰሙም፣ እስከ ሰኞ ማስተካከያ በጽሑፍ ላክ» አለችኝ። ‹ግልጽ የሆነ› ብላ ጨመረች።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አንደኛ ረቂቅ፦ አስራ አራት ቅንፍ። አንዱ ሌላው ውስጥ፣ እሱም ሌላው ውስጥ። ልጄ ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ ገባችበትና መውጫው ጠፋት። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቅንፎች ሳይዘጉ ቀርተው ተገኙ።

«በዚህ ደብዳቤ ሰውየው መባረራቸው ብቻ ሳይሆን ሕንፃውም ይዘጋል» አለች።

ሁለተኛ ረቂቅ፦ ቅንፍ የለም። ዓረፍተ ነገርም የለም። ‹በጣም ይቅርታ። ስለ ሁሉም ነገር። ምክንያቱም ጥሩ ሰው።›

ሦስተኛውን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቁልፌ! ቤቴ ከመጡ ዓመት አልፏቸዋል። አላዩኝም፣ ወረቀቱን ነው ያዩት።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል ብለህ ጻፍ። አንድ ቁልፍ ጠፍቶባቸው አያውቅም በል።»

«እሺ። በቅንፍ ላድርገው?»

«ቅንፍ ምንድን ነው?»

«ቢወጣም ባይወጣም ግድ የሌለው ነገር የሚቀመጥባት ቦታ ናት።»

«እንግዲያው የእኔን እዚያ ውስጥ እንዳታስገባት!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ልጄ ግን «ትክክል ብለዋል ጋሼ። አስር ከአስር» አለቻቸው። ኮሩ። ሦስት ሳምንት ስማር እኔ አስር ከአስር አግኝቼ አላውቅም።

አራተኛ ረቂቅ። ባለቤቴ ትኩስ ዳቦ አቀረበች። ጋሽ ቁልፌ ከዳቦው ቆርሰው... ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።  በላሁት።

አምስተኛ ረቂቅ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ተላከ። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦

‹በጥቅምት 15 ሪፖርቴ ላይ ስህተት ሠርቻለሁ። ጋርድ ያልኩት ነገር መዘውሩን የሚሸፍን ቆርቆሮ ነው። ያረጀው፣ የሚጮኸውና የማይዘጋው ቆርቆሮው ነው። የሕንፃው ጥበቃ ሰው ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ አንድ ቁልፍ አልጠፋባቸውም፤ በሩንም ሁልጊዜ ይዘጋሉ። ስህተቱን የሠራሁት እኔ (የሊፍት ጠጋኙ) ስለሆንኩ እሳቸው በሥራቸው እንዲቆዩ እጠይቃለሁ።›

ሁሉም ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው። ሁሉም ግስ አለው። አንዲት ቅንፍ፣ በቦታዋ። ‹ስለ›ም አለች፣ ግን ታስራ ነው ያለችው፣ አልተንጠለጠለችም። ‹የሕንፃው ጥበቃ ሰው ናቸው› የሚለውን አስተዳዳሪዋ «ይሄ ያስፈልጋል?» አለችኝ። ያስፈልጋል አልኳት።

ኅዳር 3

መልስ የለም።

ኅዳር 4

መልስ የለም። ጋሽ ቁልፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ሲወለውሉ አየኋቸው። ሊያስረክቡ... ማየት አልቻልኩም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የመጨረሻ ቀናቸው። ጠዋት ድምፅ አልነበረም። ስምንተኛ ፎቅ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ... ፀጥ። ሕንፃው ሁሉ ሰው የሞተበት መሰለ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት ሊፍት ውስጥ ገብታ «ዛሬ ምን ሆነናል?» አለች።

አራት ሰዓት ላይ አስተዳዳሪዋ ወረቀት እያውለበለበች ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። (ሁለተኛው ሊፍት ቆሞ ነበር። ስለሱ ዛሬ አላወራም።) እኔም ተከትያት ወረድኩ። ጋሽ ቁልፌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ይላል» አለች። «‹ጋርዱን በተመለከተ። አሁን ግልጽ። በቦታው እንዲቆይ። በየሦስት ወሩ ዘይት መቀባት (በተለይ መጋጠሚያዎቹን)።›»

ተያየን።

«የትኛውን ጋርድ ነው?» አልኩ።

አገላብጣ አየችው። «አይልም።»

«እኔን ነው» አሉ ጋሽ ቁልፌ፣ ኮፍያቸውን መልሰው እያደረጉ። «በቦታው ይቆይ ብሏል፣ ቆይቻለሁ። መጋጠሚያዬንም ቅቡኝ፤ ጉልበቴ ከክረምት ወዲህ እንደ አሮጌ በር ነው የሚንቋቋው።»

አስተዳዳሪዋ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብላ ከመድኃኒት ቤት የጉልበት ቅባት አስገዛችላቸው። መዝገብ ላይም ተጻፈ፦ የጋርድ መጋጠሚያ ዘይት፣ አንድ። ፊርማው የእኔ ነው።

ልጄ መልሱን አይታ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች። «አራት ነጥብ። አራቱም ጎደሎ! አስተካክዬ ልላክላቸው?»

እጇን ያዝኩት።

ኅዳር 6

«እንዴት አደራችሁ!»

ቆርቆሮውን ራሴ አስተካከልኩት። አራት ብሎን ብቻ ነበር የፈለገው። አራት ብሎን! ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ደብዳቤ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደብተሬን አውጥቼ ጠበቅኳት። ልጄ ግን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ዛሬ አንተ እይልኝ። ለርዕሰ መምህሩ ነው፣ የፈቃድ ማመልከቻ።»

እኔን! ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ቀስ ብዬ ሄድኩበት። ባለቤት አለ። ግስ አለ። ቅንፉ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል፣ ነጥቡ ከውጭ ነው። እጥፍ አድርጌ መለስኩላት።

«ስህተት የለበትም። ጎበዝ።»

አልሄደችም። የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«አባዬ... እንደገና አንብበው። ለሰዋስው ሳይሆን።»

አነበብኩት። መዝገበ ቃላት አልነካሁም። ‹ከጥር 20 ጀምሮ ለሠርጌ የአምስት ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ (አባቴ ገና አልተነገረውም)።›

ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል። የወጥ ቤቱ ሰዓት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ማን ነው?»

«እኛው ትምህርት ቤት ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«...ታውቃለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ።»

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

ወደ መስኮቱ አየች። «ጋሽ ቁልፌ።»

«ጋሽ ቁልፌ! እሳቸው ስምንተኛ ፎቅ የሚሰማ ድምፅ ይዘው ይሄን እንዴት ደበቁት? ለምን እኔ ብቻ?»

«ያለፈውን ሰውዬ ለትውውቅ ብዬ ሥራ ቦታህ ባመጣው አርባ ደቂቃ ሊፍት ውስጥ የቆለፈበት ማን ነው?»

«ብልሽት ነበር!»

«መብራቱስ ለምን ጠፋ?»

«...ብልሽቱ መብራቱንም ነክቶት ነበር።»

አየችኝ። አየኋት። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ምክንያቱም ዓይኔን ስጠርግ መነጽሬ ወደቀ። ሳቅ ብቻም አልነበረም። ልጄ ልታገባ ነው። እንግሊዝኛ ባልማር ኖሮ በምን ትነግረኝ ነበር? እሷ ቃል ፊት ለፊት አይወጣትም። ይሄ ግን ከእናቷ አይደለም።

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ቃል ሰረዝኩ። እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ትናንሽ ቃላት ናቸው። አሁን ‹አባቴ ተነግሮታል› ይላል።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ለቀቀችኝ።

«ሰኞ ሥራ ቦታ ይምጣና ልየው» አልኳት።

«በደረጃ ነው የሚመጣው።»

«ስምንት ፎቅ ነው እኮ።»

«ይወጣዋል» አለች።

ይወጣው ይሆናል። ላብ በላብ ሆኖ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ... ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችው አንድ ወንበር ናት፣ እሷም የእኔ። ሰኞ ጠዋት ከቤት አንድ ወንበር ይዤ ልውጣ። ደህናዋን። መደገፊያ ያላትን።